ጭቃው ምን በደለ?

የፒያሳ ቤቶች መፍረስ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ዛሬም ያው ነው፦ «ያረጀ የጭቃ ቤት ነው፤ ሊጠገን አይችልም»። የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ካለቀ በኋላ በቀሩት የአራዳ ቤቶች ላይ ይኸው ፍርድ ይነበባል። እንዲህ የሚል ሰው ወይ ጭቃ ቤት ሲሠራ አላየም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል።

የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ዕድሜ ሳይሆን ውኃ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ያፈሳል፤ አሸንዳው ተገንጥሎ ወድቋል፤ መንገዱ በተሠራ ቁጥር ከፍ እያለ የክረምቱን ጎርፍ ወደ ግድግዳው ሥር ይልካል። ግድግዳውን የያዘው የእንጨት ቋሚ እግሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል። ከጉልበት በላይ ያለው እንጨት ግን፣ በተለይ ጽድ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጣራውና አሸንዳው ይስተካከላል። ከዚያ ጣራውን በባላ ደግፎ የበሰበሰውን እግር ብቻ ቆርጦ ቋሚውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ማሳረፍ ነው። የላላው ማገር፣ ማለትም በቋሚዎቹ ላይ አግድም የሚታሰረው እንጨት፣ ይለወጣል፤ የጭቃው ምርጊት ይከተላል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ቢያንስ ሳምንት ይሰንብት፤ ያልሰነበተ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም።

ማጠናቀቂያው ኖራ ነው። ሲሚንቶ በፍጹም! ጭቃው እርጥበት ሲነካው አብጦ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል፣ በስንጥቁ የገባውን ውኃም አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። «በራሱ ጊዜ ወደቀ» የተባለውን ግድግዳ ብዙ ጊዜ የገደለው «እድሳት» ተብሎ የተለሰነበት ሲሚንቶ ነው።

ለመሆኑ ማን ይጠግነው ነበር? በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። ያ ኪራይ አሸንዳ አይገዛም። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም፤ ባለቤት የሆነው መንግሥት ደግሞ ዘወር ብሎ አላየውም። አሁን ይኸው ባለቤት ቸል ያለውን ቤት «አርጅቷል» ብሎ ይከሰዋል።

ለማፍረስ የሚነሳው ሌላው ምክንያት፣ የመጸዳጃ ቤቱ ችግር፣ እውነት ነው። መፍትሔው የፍሳሽ መስመር ነው፤ በአዲሱ የኮሪደር ልማት መንገድ ሥር መስመር የዘረጋ ከተማ ወደ ግቢዎቹ ማስገባት አያቅተውም።

የአርመንና የሕንድ አናጺዎች እጅ ያረፈበት የእንጨት ሰገነት፣ በክፍክፉ ዙሪያ የተፈለፈለው ጌጥ፣ አንዴ በኤክስካቫተር ከተሰበረ ተመልሶ አይገጠምም። በየማዕዘኑ ልስኑን ፍቆ የቋሚውን እግር በሹል ብረት ወጋ ወጋ አድርጎ ማየት ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ሳያደርግ «ሊጠገን አይችልም» ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ ያላየውን እየመሰከረ ነው።