የአባት ስም ሲቀር

አሜሪካ ውስጥ በተለያዩ አሳዳጊ ቤተሰቦች ያደጉት ኢትዮጵያውያን እህትና ወንድም በዲኤንኤ ምርመራ ተገናኙ የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። ደስ ይላል፣ እሰይ! ግን ለምን ይህን ያህል ዓመት ፈጀ የሚለውን ጽሑፉ ዘሎታል።

እኛ አገር የቤተሰብ መጠሪያ የለም። እህትና ወንድምን ወረቀት ላይ የሚያስተሳስራቸው የአባት ስም ነው። ልጁ በጉዲፈቻ ውጭ ሲሄድ የአሳዳጊዎቹን ስም ይይዝ ነበር፣ የአባቱ ስም እዚህ ይቀር ነበር። ዕድሜያቸው ሳይቀር ወረቀት ላይ የተቀየረባቸው አሉ። ታዲያ በምን ይፈላለጉ?

ዲኤንኤውም ቢሆን የተመረመረን ከተመረመረ ጋር ነው የሚያገናኘው። ሁለቱም ውጭ ካደጉ ይሠራል። ወላይታ ገጠር የቀረችውን ታላቅ እህት ግን ማን ይመረምርላቸዋል? እሷን የሚያገኛት ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ፣ ሽማግሌ ጠይቆ የሚፈልግ ሰው ነው። ከተገናኙ በኋላም በአስተርጓሚ ነው የሚያወሩት፣ እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ሲታገድ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። ቀድመው የሄዱት ልጆች ፋይልስ? የሕፃናት ማሳደጊያው ሲዘጋ መዝገቡን ማን ተረከበ? አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይህን ጠይቁልን።