ማስተካከያ፦ አናናስ በጥሬው ወተት ውስጥ አይገባም

ባለፈው ስለ ማንጎ አይስክሬም ስጽፍ፣ ማንጎ ካጣችሁ አናናስ ወይም ፓፓያ በጥሬው ፈጭታችሁ ከወተትና ከክሬም ጋር ቀላቅሉ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ጥሬ አናናስ ብሮሜሊን የሚባል ኢንዛይም አለው። የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፤ ትንሽ ሲቆይ መራራ ይሆናል። ፓፓያም የራሱ ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው። እኔም ማታ ፍሪጅ ያስገባሁትን ጠዋት ስቀምሰው ምሬቱ ምላሴ ላይ ቀረ። ቅዝቃዜ ኢንዛይሙን አያጠፋውም።

የሚያጠፋው እሳት ነው። 2 ኩባያ የተከተፈ አናናስ ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር ጣዱት። 5 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። በደንብ ሲቀዘቅዝ ፈጭታችሁ ጨምሩት። የቆርቆሮው አናናስ ሲታሸግ ስለሚበስል ችግር የለውም። ማንጎው ግን እንደጻፍኩት በጥሬው ይገባል።