ሥራን በሰላም ስለ መፍታት

«ሥራ ፈት» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚወረውሩ ሰዎች የቃሉን የዘር ሐረግ ስላልመረመሩ ነውና ይቅር ልንላቸው ይገባል። ምንጩ ፈታ፣ ለቀቀ፣ ፈረደ የሚል ፍቺ ያለው «ፈትሐ» የተሰኘው የግእዝ ግሥ ሲሆን፣ «ፍትሕ»ም «ፍትሐ ነገሥት»ም ከዚሁ ማሕፀን የወጡ ናቸው። ሥራ ፈት የፍትሕ የሥጋ ዘመድ ነው ብንል ማን ይከሰናል?

አማርኛው ደግሞ «ፈታ»ን ወደ ትዳር አግብቶታል። ትዳሯ የፈረሰ ሴት «ፈት» እንደምትባል ሁሉ፣ ሥራ ፈትም ከሥራው ጋር የተፋታ ሰው ነው። ለመፋታት ግን አስቀድሞ መጋባት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲያንጋጥጥ የሚውለው ምሩቅ ለዚህ ማዕረግ አልበቃም፤ እሱ «ሥራ አጥ» ነው፣ የሚድረው ያጣ ላጤ። እውነተኛው ሥራ ፈት በቅጥር ደብዳቤ በወግ ተድሮ፣ ኋላ ያለ ሽማግሌና ያለ ዳኛ በጸጥታ የተፋታ፣ ቀለቡ ግን በየወሩ መጨረሻ ሳይጓደል የሚቆረጥለት ሰው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ እንኳ ዐይኑን የጣለው የሚታይ መተዳደሪያ በሌለው ሰው ላይ ነበር፤ ባለ ደመወዙን ማን ይነካዋል!

በቅርቡ አንድ ወረቀት ለማስፈረም የሄድኩበት ቢሮ በር ላይ «ችግር ፈቺ አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከፊተኞቹ ሁለት ቃላት ሁለተኛው ትክክል ነው፤ የሚፈታው ነገር ስም ላይ ብቻ ትንሽ ስሕተት አለ። ውስጥ ገብቼ ያገኘሁት ከወንበሩ መደገፊያ ላይ የተሰቀለ ግራጫ ኮት ነው። ጸሐፊዋን ብጠይቃት «አሉ፤ ኮታቸው አለ አይደል?» አለችኝ፣ እኔም በጥርጣሬዬ አፈርኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የኮቱ ባለቤት መጥተው ቅጹን አገላበጡና፣ በጥቁር እስክሪብቶ ስለተሞላ እንደ ገና በሰማያዊ ሞልቼ ከነገ ወዲያ እንድመለስ አዘዙኝ። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚሉት አበው ይህን ዕድገት አላዩም፤ ያ ምስኪን መነኩሴ የሚቀደው የገዛ ቆቡን ነበር፣ ያውም መልሶ ይሰፋዋል።

በቀጠሮዬ ቀን ቅጼን በሰማያዊ ሞልቼ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። እሳቸው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ኮቱ በሥራ ገበታው ላይ ነበር።