ቢሾፍቱን እያወቅን ስለ ታብሌት ስልጠና አትንገሩን

ሰሞኑን በአንድ የውይይት መድረክ ላይ፣ የአቪዬሽን ስልጠና የሚሸጥ የአንድ ድርጅት ኃላፊ ለበረራ አስተናጋጆች፣ ለካርጎና ለራምፕ (አውሮፕላን የሚቆምበት ሜዳ) ሠራተኞች የሚሰጡትን ማደሻ ስልጠና ሙሉ በሙሉ ኦንላይን እንደሚያደርጉት ተናገሩ። ክፍል ውስጥ መሰብሰብ ጊዜው አልፎበታል አሉ። ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ይማራል፣ ይፈተናል፣ ሰርተፍኬቱ በኢሜይል ይደርሰዋል። እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰማኋቸው። ማሳመኛ ብለው ያመጡት ግን ደሜን አፈላው፦ አብራሪዎች እንኳን ከአንድ የአውሮፕላን ሞዴል ወደ ሌላው ሲሻገሩ በታብሌት ተምረው የለም ወይ አሉ።

ይህን የተናገሩት አዲስ አበባ ላይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ 157 ሰዎች ይዞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀባት አገር። በአዳራሹ ከነበሩት የአቪዬሽን ሰዎች መካከል በዚያ ቀን የሥራ ባልደረባውን ያጣ እንደነበር አልጠራጠርም። አንድም ሰው ተነስቶ አላስቆማቸውም።

እሳቸው ካነሱት አይቀር የእነዚያን በታብሌት የተማሩ አብራሪዎች ነገር እናውራው። ከቀድሞው ሞዴል ከ737 ኤንጂ ወደ 737 ማክስ የሚሻገር አብራሪ ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያለማምድ መሣሪያ) መግባት አያስፈልገውም፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይበቃዋል የተባለው ትምህርቱ በቂ ሆኖ ስለተገኘ አይደለም። ሲሙሌተር ገንዘብ ስለሚያስወጣ ነው። ቦይንግ ለአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ፣ የሲሙሌተር ስልጠና ግዴታ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቃል ገብቶ ነበር። የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር እ.ኤ.አ. በ2017 አብራሪዎቼን በሲሙሌተር ላሰልጥን ወይ ብሎ ሲጠይቅ የቦይንግ ሰዎች አግባብተው አስተዉት። ትምህርቱን ያሳጠረው የሽያጭ ሒሳብ ነው፤ ኃላፊው እንደ ዘመናዊነት ምስክር የቆጠሩትም ይህንኑ ሒሳብ ነው።

በዚያ አጭር ትምህርት ውስጥ ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ስሙ እንኳን አልተነሳም። ከአንድ የተበላሸ ሴንሰር በሚመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት የሚደፍቅ ሶፍትዌር ነው። የላየን ኤር ማክስ አውሮፕላን በጥቅምት 2011 ዓ.ም. 189 ሰዎች ይዞ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ለዓለም አብራሪዎች የተላከው ምንድን ነው? ወረቀት። እንዲህ ቢገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ የሚል ማስታወቂያ።

የእኛ ልጆች ወረቀቱ ያለውን አደረጉ። ከአደጋው በኋላ በወር ጊዜ ውስጥ የወጣውን የመጀመሪያ ሪፖርት ያነበበ ያውቀዋል፦ የኤሌክትሪክ ትሪሙን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን) ዘጉት፣ ቀጥሎ የትሪሙን ጎማ በእጅ ለማዞር ሞከሩ። ካፒቴኑ ይሠራልህ እንደሆነ ረዳቱን ጠየቀው፤ ረዳቱም እንደማይሠራ መለሰለት። በዚያ ፍጥነት ጅራቱን የሚጫነው አየር ከሰው ጉልበት በላይ ነው። ወረቀቱ አዙሩ ይላል፣ ጎማው አልዞርም ይላል። የጎማውን ክብደት በክንዱ ሳያውቀው ያንን ሰዓት እንዲያገኝ የተፈረደበት አብራሪ ምን ይደረግለት? ቦይንግ በኋላ እንዳመነው፣ ሲሙሌተሮቹም ያንን ክብደት በትክክል አያሳዩም ነበር። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሲሙሌተሩ ይስተካከል፣ አብራሪውም ይግባበት የሚል ነው። ቦይንግ ራሱ በታህሳስ 2012 ዓ.ም. ማክስን የሚያበር ሁሉ በሲሙሌተር ይሰልጥን ብሎ ሐሳቡን ቀየረ። እስከዚያ በሁለቱ አደጋዎች 346 ሰዎች አልቀዋል። ታብሌቱን ያመጣው ኩባንያ የተወውን ነገር እኛ ዛሬ እንድንገዛ እየተጠየቅን ነው!

ኃላፊው ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ እሱም ውኃ አያነሳም። ኦንላይን የተማሩት ክፍል ከተማሩት ይልቅ ፈተናውን በብዛት ያልፋሉ አሉ። እንዴት አያልፉም? በዓይኔ ያየሁትን ልንገራቸው። አንድ የራምፕ ሠራተኛ በሻይ ሰዓት ስልኩን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቶ ለቀቀው። ትምህርቱ የሚሠራ ሞተር ፊት መቆም ስለማይገባበት ርቀት ነበር። እንጀራውን እየበላ በትንሽ ጣቱ ኔክስት፣ ኔክስት ይላል። ፈተናው ሲመጣ አጠገቡ የተቀመጠው፣ ባለፈው ሳምንት ያለፈው ጓደኛው መልሱን ነገረው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሰርተፍኬቱ ደረሰ። በልጁ አልፈርድም። አሥር ሰዓት ሙሉ ሻንጣ ሲጭን ውሎ በዕረፍቱ ተማር ተብሏል፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄ ቢኖረው የሚጠይቀው ሰው የለም። የምፈርደው ያንን ሰርተፍኬት ብቃት ብሎ በሚመዘግበው ድርጅት ላይ ነው።

በማያውቀው ነገር ላይ የሚፈርም ሠራተኛ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1996 ከማያሚ የተነሳው የቫሉጄት አውሮፕላን ውስጥ ጊዜያቸው ያለፈ የኦክስጂን ማመንጫ ጣሳዎች በዕቃ ክፍሉ ተጭነው ነበር። የመከላከያ ክዳናቸው አልተገጠመም፤ በሥራ ካርዱ ላይ ግን እንደተገጠመ ተፈርሟል። ካርቶኖቹም ባዶ ጣሳዎች ተብለው ተላኩ። እሳት ተነሳ፣ 110 ሰዎች ሞቱ። ካርዱ ሙሉ ነበር፣ ፊርማው ሙሉ ነበር። የአደገኛ ዕቃ ስልጠና በየ24 ወሩ የሚታደሰው፣ ከ2023 መግቢያ ወዲህም ሠራተኛው በሚሠራው ሥራ ልክ ብቃቱ እንዲመዘን ደንቡ ያዘዘው ለዚህ ነው። ካርቶኑን አንስቶ፣ አገላብጦ፣ ምልክቱን ከሰነዱ ጋር አስተያይቶ ይህን አልቀበልም ማለት በስልክ መስታወት ላይ አይለመድም።

የበረራ አስተናጋጆችማ ጉዳይ ይብሳል። በአሰልጣኝነት በሠራሁበት ጊዜ ከደብረ ማርቆስ የመጣች አንዲት ሰልጣኝ ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ታላቅ ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው ተብላ ያደገች። የማስወጫ ትእዛዝ ስትለማመድ ቀበቶ ፍቱ፣ ዕቃ ተዉ፣ በዚህ ውጡ የምትለው ሦስተኛው ረድፍ ድረስ አይሰማም። የሥራ ባልደረባዬ አዳራሹ መጨረሻ ቆማ አልሰማሁሽም ትላታለች። እንደገና። አልሰማሁሽም። ልጅቷ እንባዋ መጣ፣ ተናደደች፣ በመጨረሻ እንዲህ ጮኸች፦ ውጡ! ውጭ የነበረው ጥበቃ ምን ተፈጠረ ብሎ በሩን ከፍቶ ገባ። ከዚያን ቀን ወዲያ ያንን ድምፅ አላጣችውም። የትኛው አፕ ነው ይህን ድምፅ ከሰው ውስጥ የሚያወጣው?

ድምፁ ለምን እንደሚያስፈልግ ቶኪዮ ሐኔዳ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ ውስጥ 379 ሰዎች ነበሩ። የውስጥ ድምፅ ማጉያው አልሠራም። አስተናጋጆቹ በሜጋፎንና በጉሮሯቸው ነው ያዘዙት። ከስምንቱ በሮች በሦስቱ ብቻ፣ በየትኛው መስኮት በኩል እሳት እንዳለ እያዩና እየወሰኑ ሰውን ሁሉ አወጡት። አንድም አልቀረም። ይኸው አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ አደጋ 520 ሰዎች ጠፍተውበታል፤ የዚያን አውሮፕላን ስብርባሪ በደኅንነት ማዕከሉ አስቀምጦ ሠራተኞቹን ፊቱ ያቆማቸዋል። ፎቶውን በኢሜይል መላክ ይችል ነበር፣ ወጪውም ይቀንስ ነበር።

ደንብ ሲቀየር ለማሳወቅ፣ ክፍል ከመግባት በፊት ንባብ ለመስጠት ኦንላይን ይጠቅማል፤ ለዚያ ይሁን። ከዚያ አልፎ በር መክፈትን፣ እሳት ማጥፋትን፣ ካርቶን መመርመርን፣ ሞተር አጠገብ መሥራትን እተካለሁ ሲል ግን የሚቀነሰው የአዳራሽ ኪራይና የአሰልጣኝ ደሞዝ ነው። ይህን በግልጽ ይናገሩት።

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም ዝም ሊል አይገባም። እንዲህ ያለ ስልጠና ፈቃድ ሲጠየቅበት ሰልጣኙ በእጁ የሠራውን፣ ያየው አሰልጣኝ ማን እንደሆነ፣ የት ቦታና በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደሠራ ሰርተፍኬቱ ላይ ይጻፍ ብሎ ያስገድድ። ይህ የሌለበት ሰርተፍኬት የያዘ ሠራተኛ ራምፕ ላይ አይውጣ፣ ካርጎ አይቀበል፣ የአውሮፕላን በር አጠገብ አይቀመጥ። ኃላፊውም የአብራሪዎቹን ምሳሌ በዚያው መድረክ በይፋ ይሰርዙልን፤ ሟቾቹ ቤተሰብ አላቸው፣ እዚሁ ከተማ ይኖራሉ።