እርማት፦ ፖሊዮ የወጌሻ ሥራ አይደለም

እህቴ፣ «ፖሊዮ ያሰለለውን እግር ጎበዝ ወጌሻ ካሸው ይመለሳል» ያልሽው ልክ አይደለም። ወጌሻ ለወለምታ ነው። እዚህ የተጎዳው አጥንት ሳይሆን፣ አከርካሪ ውስጥ ያለው ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ ነው። የሞተ ነርቭ ደግሞ በእሽት አይነሳም። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ሰዎች አንዱ ገደማ ለዘለቄታው ሽባ ይሆናል። ሽባ የሆነ ልጅ እግር እየሰለለ፣ ከሌላኛው እያጠረ ሊሄድ ይችላል። ፊዚዮቴራፒ ይረዳዋል፤ ፈውስ ግን የለውም።

ያለን ክትባት ነው። በእኛ አገር ጠብታው ሲወለድ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይሰጣል። በዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጡም ይድገመው፣ አይጎዳውም። እግሩ በድንገት የዛለበት ልጅ ካለ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑ እንዲታወቅ ሰገራው መመርመር አለበት።