ክርክር፦ ክንፍ ያላበቀለች ጉንዳን ንግሥት ናት?

በሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ፣ ተማሪዎች የጉንዳን ጎጆ ቆፍረው ንግሥቲቱን መለየት አቃታቸው፤ ሁሉም ሠራተኛ ይመስላሉ። መምህርታቸው «ንግሥቲቱ ከመጀመሪያውም ክንፍ አላበቀለች ይሆናል» አለቻቸው። አንድ ንብ አናቢ ይህን ሰምተው ተቃወሙ።

ንብ አናቢው፦ ቀፎ ከፍቼ አውራዋን፣ የንቦቹን ንግሥት፣ የምለያት በረጅም ሆዷ ነው። መምህርት፣ ከሠራተኞቿ የማትለየውን ለምን ንግሥት ይሏታል? በሕንድ የምትገኘውን ሃርፔግናቶስ የተባለች ጉንዳን ይመልከቱ። ንግሥቲቱ ስትሞት ሠራተኞቹ በአንቴናቸው እየተመታቱ ይፎካከራሉ፤ ያሸነፉት እንቁላል ይጥላሉ። ታዲያ እንቁላል የጣለ ሁሉ ሊነግሥ ነው?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እነዚያ አይነግሡም። ሳይንሱም ለይቷቸዋል፤ «ጋመርጌት» ይላቸዋል፣ ያገባች ሠራተኛ ማለት ነው። እኔ የምከራከርላት «ኤርጋቶይድ» የምትባለዋ ክንፍ አልባ ንግሥት ናት። ስሟ «ሠራተኛ መሰል» ማለት ቢሆንም ከእጭነቷ ጀምሮ ለእናትነት ያደገች ናት። ደረቷ የጠበበው የመብረሪያ ጡንቻ ስለሌላት ነው፤ እንቁላል የሚፈጠርበት አካሏ ግን ከሠራተኞቹ ይሰፋል። ከሰሃራ በታች በአፍሪካ የምትገኘው፣ በሰልፍ ወጥታ ምስጥ የምታድነው ሜጋፖኔራ ንግሥቷ እንዲህ ናት። ደግሞስ «አውራ» የሚለው ስም ወንድ ያስመስል የለም? እርስዎ ግን በስሙ አልተሳሳቱም፤ የምትሠራውን ያውቃሉ።

ንብ አናቢው፦ ስሙን ልተወው። ክንፉ ግን ቀላል ነገር አይደለም! ባለክንፏ የጉንዳን ንግሥት ከዝናብ በኋላ በርራ፣ ክንፏን ጥላ፣ ጉድጓድ ውስጥ ብቻዋን ትገባለች። የመብረሪያ ጡንቻዋን አሟሙታ የመጀመሪያ ልጆቿን ትመግብበታለች። ንግሥት የምለው ይህችን ነው። ያችኛዋ አጃቢ ሳይከተላት ጎጆ አትመሠርትም፤ ሐይቅ ቢያጋጥማትም መሻገሪያ የላትም።

መምህርቷ፦ የእርስዎስ አውራ ብቻዋን ቀፎ መሥርታ ታውቃለች? መንጋው ሲወጣ በሺዎች ታጅባ ነው የምትሄደው። ሠራተኛ ከሌላት ትሞታለች። ብቻ መጀመር መለኪያ ከሆነ የንብ አውራም ከዙፋኗ ልትወርድ ነው። ባለክንፎቹን እኔም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ጎጆ ሳይመሠርቱ ያልቃሉ፣ ወፍ ይለቅማቸዋል። ክንፍ አልባዋ ከጎጆዋ ተከፍላ ስትወጣ ጠባቂም መጋቢም አላት። ርቃ አትሄድም፤ እውነት ነው። ሆኖም ወንዶቹ ክንፍ ስላላቸው የጎጆው ዘር ይሻገራል።

ንብ አናቢው፦ ስለ ንቦቼ ያሉት ልክ ነው፤ አልክድም። ሆኖም የእኔ አውራ ብትታጀብም በክንፏ ነው የምትሄደው፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ያን ጎጆ ግን ዳግመኛ ስትቆፍሩ ጥሩኝ፤ ሆዷን በዓይኔ ልይ።