ማስተካከያ፦ የሳምፕ ፓምፑ ቧንቧ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አትድፈኗት

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሼር ያደረገው ፖስት አለ፣ ቤዝመንት ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ከጉድጓዱ የሚያወጣው ሳምፕ ፓምፕ ሲሰራ ከቧንቧው ጎን ውሃ ከረጨ ሊክ ነው በሲሊከን ድፈኑት የሚል። ስህተት ነው። ከፓምፑ ትንሽ ከፍ ብላ ከቼክ ቫልቩ (ወደ ላይ የወጣው ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጋው) በታች ያለችው 3 ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን ቀዳዳ ሆን ተብላ የተበሳች ናት፣ የብዙ አምራቾች የመግጠሚያ ማኑዋል ላይም ተጽፏል።

ስራዋ አየር ማስወጣት ነው። ጉድጓዱ ሲጎድል ፓምፑ ውስጥ አየር ይገባል፣ ከላይ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ቼክ ቫልቩን ተጭኖ ስለሚይዘው አየሩ መውጫ ያጣል፣ ከዛ ውሃ ሲመጣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ቤዝመንቱም ይሞላል ሞተሩም ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

የደፈናችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዛ ሲሊከኑን ፋቁና ቀዳዳዋን ክፈቷት። የሚረጨው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ እስከገባ ድረስ ችግር የለውም (ድምፁ ያናድዳል፣ እሱ እውነት ነው)። አንዳንድ ፓምፕ ግን አየር ማስወጫው ራሱ አካሉ ላይ ስላለ ማኑዋሉን ሳታዩ አዲስ ቀዳዳ አትብሱ። ውሃው የሚንጠባጠበው ከቼክ ቫልቩ በላይ ወይም መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ግን እውነትም ሊክ ነው፣ መጠገን አለበት።